ከመድኃኒት ነጻ

ለጣፊዋ ነው የሚሏት። ስም ጠፍቶላት አይደለም፤ እናቷ አስባ ያወጣችላት ደህና ስም አላት። ግን በትልቁ የፍራፍሬ መደብር ጓዳ አሥራ አንድ ዓመት ቆማ ስትለጥፍ ስሟን የሚጠራ ሰው ጠፋ፣ እሷም «ለጣፊዋ!» ሲሏት ብቻ ዞር ማለት ለመደች። የቀኝ አውራ ጣቷ ከግራው ይሰፋል፤ ሙጫው ቆዳውን ልጦ ልጦ አሻራዋን አጥፍቶታል። አንድ ጊዜ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ማሽኑ ሦስት ጊዜ አላውቅሽም አላት። በመጨረሻ ጸሐፊው ሰልችቶት «በቃ በግራሽ ይሁን» ብሎ ገላገላት።

ሥራው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ቅሌቱ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ መኪና ጓዳው በር ላይ ቆሞ ሳጥን ያራግፋል። አንድ መኪና ነው፣ ልብ በሉልኝ፤ ሁለት መኪና መጥቶ አያውቅም። ፖሙም፣ ብርቱካኑም፣ ኮኩም ረጅሙ የቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ ባለቤቱ ይገባል። በሌለበት «ንጹሁ» ይሉታል፣ ፊት ለፊቱ «ጋሼ»። ንጹሁ የተባለው በቀን ሃያ ጊዜ እጁን ስለሚታጠብና «ንጹህ» የምትል ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ ነው፤ ንጹህ ዕቃ፣ ንጹህ ንግድ፣ ንጹህ ኅሊና። ጠረጴዛው ራስጌ ይቆምና በጣቱ ይጠቁማል። «ይሄ ወደ ቀኝ፣ ይሄ ወደ ግራ።» ወደ ቀኝ የሚሄደው ትልቁ፣ ቀዩ፣ የሚያብረቀርቀው ነው፤ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ምንም አይለጠፍበትም። ወደ ግራ የሚሄደው ኮሳሳው፣ ጠማማው፣ ነጠብጣባሙ፣ ትል ቀመስ ያደረገው ነው። ለጣፊዋ የምትቀበለው እሱን ነው። አረንጓዴ ቅጠል የተሳለባት፣ ከሳንቲም የማትበልጥ ክብ ወረቀት እያነሳች ታሳርፍበታለች። ወረቀቷ ላይ «ከመድኃኒት ነጻ» ይላል። በቃ። ያ ኮሳሳ ፖም ገለባ ተነጥፎለት ቅርጫት ውስጥ ይጋደማል፣ ዋጋውም የዚያኛው እጥፍ ይሆናል።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ለጣፊዋ በዓይኗ አይታለች። ድሮ ጠማማው የሚሄደው ለጭማቂ ቤቶች ነበር። አንድ ቀን ሰፊ ጥቁር መነጽር ያደረገች ደንበኛ መጣችና ቆንጆውን ፖም በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ ከፍ አድርጋ፣ «ይሄ መድኃኒት ተረጭቶበታል አይደል? የተባይ መድኃኒት ያልነካው የላችሁም?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ የንጹሁ እጅ ለጭማቂ ቤት በተዘጋጀው ሳጥን ላይ አርፎ ነበር። እጁን አላነሳም። ዓይኑን በጨው አጥቦ «እንዴ እትዬ! አሁን ገና መግባቱ ነው!» አላት። ባለ መነጽሯ ትል የበሳውን ቀዳዳ ስታይ ፊቷ በራ። «አያችሁ፣ ትል እንኳን የሚበላውን ያውቃል» አለች። ያ ትል ገበሬው ከመርጨቱ በፊት የገባ፣ ሲረጭ ደግሞ እዚያው እንደተኛ የሞተ ምስኪን ነው፤ ግን ማን ይጠይቀዋል? በሳምንቱ ከማተሚያ ቤት ጥቅል ጥቅል ወረቀት መጣ፣ እሷም ከሚዛን ተነስታ ለጣፊ ሆነች።

ግድግዳው ላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ ባለ ማኅተም ወረቀትም አለ። በባዕድ ቋንቋ ስለተጻፈ የሚያነበው የለም፤ ደንበኛ ሁሉ ግን ቀና ብሎ አይቶት፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ልቡ ሞልቶ ይገዛል። ወረቀቱ የትልቁ ማቀዝቀዣ ዋስትና ነው። ጊዜው ራሱ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል።

አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪም መጥቶ ነበር፤ ክራባት ያሰረ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ። ለጣፊዋ በቃ ጉድ ፈላ አለች። ሰውዬው ማስመሪያ አወጣ። የፊደሎቹን ቁመት ለካ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑን አየ፣ ወረቀቱ ይላቀቅ እንደሆነ በጥፍሩ ሞከረ። «አለጣጠፉ ደህና ነው» ብሎ ፈረመ። ሲወጣ ንጹሁ ከቅርጫቱ ሊያስይዘው ቢል፣ «አይ፣ ለእኔስ ከዚያ ከቀዩ አድርግልኝ። ነጠብጣባም ነገር አልወድም» አለው። ያን ቀን የጓዳው ሠራተኞች እስኪያማቸው ሳቁ።

ለጣፊዋም ከሁሉ በላይ ስቃለች። አንዳንዴ በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ፊት ለፊት ታያለች። ባለ መነጽሯ ፖሙን በካፖርቷ ጠረግ አድርጋ፣ ሳታጥብ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትገምጥ ታያታለች። «ኧረ ጣዕሙ! ሌላ ነገር ነው እኮ!» ትላለች ባለ መነጽሯ። «ደደብ ሁላ» ትላለች ለጣፊዋ ከመጋረጃው ኋላ፣ አውራ ጣቷን እየላሰች። ኅሊናዋን የሚያስተኛ አንድ አባባልም ነበራት፤ «እኔ ለጠፍኩት እንጂ አልጻፍኩትም።» ይህችን ለአሥራ አንድ ዓመት ስትላት ኖራ አንድም ቀን ሰምቶ የተቃወማት የለም፤ ለራሷ ነዋ የምትናገረው።

ወደ ቤቷ እንሂድ። ከእናቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ይኖራሉ። እናትየው ፊደል የቆጠሩት በአምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ጎልማሶች ከሚማሩበት ክፍል ኋላ ተቀምጠው ነው። ከዚያ ወዲህ ያልተነበበ ነገር ቤቱ ውስጥ የለም። የሳሙና መጠቅለያ ያነባሉ፣ የአውቶቡስ ቲኬት ያነባሉ፣ ሳህን ሲያጥቡ ሳህኑ ሥር የተጻፈውን ያነባሉ፤ ደግሞ ጮክ ብለው ነው። ለእሳቸው የታተመ ነገር ሁሉ የተማረ ሰው ያየው፣ ተመርምሮ ያለፈ ነገር ነው። «ሰው በአፉ ይቀባጥራል፣ ወረቀት ምን በወጣው!» ይላሉ።

ልጃቸውም የምትሠራው ጽሑፍ በሚለጠፍበት መደብር መሆኑ ኩራታቸው ነው። ወለል ላይ ወድቆ የተላጠ፣ ቅርጫት የማይገባ ፖም ሲኖር ለጣፊዋ በከረጢት ይዛላቸው ትመጣለች። እናትየው ወረቀቷን በጥንቃቄ ልጠው የቁም ሳጥኑ በር ላይ ይለጥፋሉ። በሩ ግማሽ ድረስ አረንጓዴ ሆኗል። ጎረቤት ሲመጣ፣ «ይሄ ሁሉ የልጄ እጅ ነው» ይላሉ።

እናትየው ደም ግፊት አለባቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት አንድ ነጭ ክኒን፣ ማታ ግማሽ ሲውጡ ኖረዋል፣ ሲያማርሩም ኖረዋል። ለጣፊዋ በየወሩ ከፋርማሲ ታመጣለች፣ ጠርሙሱን እራስጌያቸው ታስቀምጣለች፣ «ዋጥሽ?» ትላለች፣ «የኔ ልጅ፣ እንዳንቺ ያለ ከየት ይገኛል» ይላሉ። መዋጣቸውን ግን አላሉም። ልብ ብትል ኖሮ በገባት፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት የሰው ዓይን ሲታለል ያየ ሰው የራሱን ዓይን አይጠራጠርም።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት የጓዳው ስልክ ጮኸ። ጎረቤት ናት። እናትየው ደረጃ ላይ ወድቀዋል። ለጣፊዋ ሽርጧን ሳትፈታ፣ ደረቷ ላይ ሁለት ወረቀት እንደተለጠፈ ወጥታ ሮጠች። ንጹሁ ከኋላዋ «እናትሽ ናቸው? አይዞሽ፣ አይዞሽ!» አለ፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመዋል።

ክሊኒኩ ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ክንዳቸውን ለካች፣ ደግማ ለካች። ግፊቱ ሁለት መቶ በመቶ አሥራ አምስት ደርሷል። መርፌ ሰጥታቸው፣ ትንሽ እስኪረጋጉ ጠብቃ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የግፊት መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?»

«ድሮ እወስድ ነበር።»

«ድሮ ማለት?»

«አሁንማ ሁለት ወር ሆነኝ፣ ነጻ ወጣሁ።»

«ከምን?»

«ከመድኃኒት ነዋ!» አሉ እናትየው፣ አልገባት ብሎ አዝነውላት። «በቀን ሁለት ሁለት ፖም እበላለሁ። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ከመድኃኒት ነጻ ይላል። ያን የበላ ሰው ክኒን ምን ሊሠራለት? የምትለጥፈውም ይህችው ልጄ ናት፤ ይኸው ደረቷ ላይም አለ።»

ሐኪሟ ዞር ብላ የለጣፊዋን ደረት አየች። አንብባ ስትጨርስ ፊቷን አየች። ለጣፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያቺን ወረቀት በቀን ሁለት ሺህ ጊዜ ነክታታለች። አንድም ቀን ግን ዘጠኝ ዓመት ክኒን በሰለቸው ጆሮ እንዴት እንደምትሰማ አላሰበችም።

ሲወጡ ሐኪሟ ለብቻዋ ይዛት፣ «ክኒኑን ከዛሬ ጀምሮ ካልዋጡ የሚቀጥለው መውደቅ እንዲህ ቀላል አይሆንም። ወይ ግማሽ አካላቸውን፣ ወይ እሳቸውን ራሳቸውን ይዞ ይሄዳል» አለቻት።

ቤት ገብተው እናትየው ትራስ እንደተደገፉ ለጣፊዋ ጠርሙሱን አነሳች። ሙሉ ነው። ያለፈው ወር ክኒን ደግሞ የስኳር ጣሳ ውስጥ ተገኘ። «ለቸገረው ሰው ብዬ ነው። ሰው ሁሉ እንደኔ ፖም የሚያመጣለት ልጅ የለውም» አሉ።

«እማዬ፣ ያ ወረቀት እንደዚያ ማለት አይደለም» አለች ለጣፊዋ። «ፖሙ ላይ የተባይ መድኃኒት አልተረጨም ነው የሚለው። አንቺን ከክኒን ነጻ ያወጣል አይልም።»

እናትየው አሰቡበት። «እሺ፣ አልተረጨበትም። ያም ቢሆን ጥሩ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ግን ልብ እንዲያ ሲቃጠል ዝም ማለት ከየት ይመጣል? «ተረጭቶበታል እማዬ!» አለች እያለቀሰች። «ሁሉም ተረጭቶበታል። ከአንድ መኪና ነው የሚወርደው። ጠማማውን መርጠን ነው የምንለጥፍበት።»

እናትየው ቁም ሳጥኑን አዩት፣ እሷን አዩ። «አንቺ ነሽ የምትለጥፊው?»

«ለጠፍኩት እንጂ አልጻፍኩትም።»

«ማነው የጻፈው?»

«ማተሚያ ቤት።»

«ማተሚያ ቤቱ ፖሙን አይቶታል?»

«አላየውም።»

«ያየሽው አንቺ ነሻ!»

«አዎ።»

እናትየው ቁም ሳጥኑን ደግመው አዩት። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጇ ወስደው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጮክ ብለው አነበቡ። «ለደም ግፊት። ጠዋት አንድ፣ ማታ ግማሽ።» ቀና አሉ። «ይሄንንስ ማን ለጠፈው?»

«እማዬ!»

«ልጠይቅሽ እንጂ። ይሄም ወረቀት ነው። ይሄንንም አንዷ እንዳንቺ ያለች ለጣፊ ናት ጠርሙሱ ላይ ያሳረፈችው። እሷም ቤቷ ገብታ፣ እኔ ለጠፍኩት እንጂ አልጻፍኩትም ትል ይሆናላ! ታዲያ ምኑን አምኜ ልዋጥ?»

«እኔ እየነገርኩሽ! መድኃኒቱ እውነት ነው፣ በእናትሽ!»

«አንቺ?» አሉ እናትየው። ቁጣ እንኳን አልነበረበትም፤ ያ ነው አንጀቷን የቆረጠው። «ለሰው አንድ ነገር፣ ለኔ ሌላ ነገር ትናገሪያለሽ። የትኛው ውሸት እንደሆነ በምን ልወቅ? ሂጂና ለእኔ ያልሽውን ለገዢዎቹም በይላቸው። ያን ጊዜ እሰማሻለሁ።» ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ብትለምናቸው፣ ብታለቅስ፣ ብትቆጣ፣ አንድ ክኒን አፋቸው አልገባም።

በማግስቱ ጠዋት ለጣፊዋ የሄደችው ወደ ቆርቆሮው ጠረጴዛ አልነበረም። የወረቀቱን ጥቅል አንስታ፣ መጋረጃውን ገልጣ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጠችው የፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ቅርጫቱ አጠገብ ቆመች። መብራቱ ዓይኗን ወጋት። ባለ መነጽሯ እዚያው ነበረች፤ ሌሎችም አራት አምስት ሰዎች።

«እትዬ» አለቻት ባለ መነጽሯን። «ይሄኛውና ያኛው ከአንድ መኪና ነው የወረዱት። ሁለቱም መድኃኒት ተረጭቶባቸዋል። ወረቀቱን የምለጥፈው እኔ ነኝ፣ ይኸው ጥቅሉ። ከገዙም ቢያንስ አጥበው ይብሉት።»

ባለ መነጽሯ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ለጣፊዋ ነኝ።»

«ከሥራ ሊያስወጡሽ ነው እንዴ?»

«ኧረ የለም! እውነቱን ነው የምነግርዎት!»

«ግድግዳው ላይ ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል እኮ» አለ አንድ ሰውዬ፣ የማቀዝቀዣውን ዋስትና እያሳየ።

«እሱ የማቀዝቀዣው ነው!» ስትል አንዷ ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። ሰው የሚያምነውን መርጦ ሲጨርስ ብትጮህስ ምን ዋጋ አለው? ንጹሁም እጁን በፎጣ እያደረቀ ብቅ አለ። አልተቆጣም። ይቆጣል ብላችሁ ነበር? ፊቱን አሳዘነና፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ አድርጉላት። እናቷ ትናንት ወድቀውባት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልክ አይደለችም» አለ።

«ውይ!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ያ «ውይ» ከስድብ ሁሉ ይከፋል። አንዷ ትከሻዋን ደባበሰቻት፣ ሌላዋ መሐረብ ሰጠቻት። ባለ መነጽሯማ ልቧ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ከቅርጫቱ ሁለት ፖም፣ ትል የበሳቸውን መርጣ፣ ከፍላ በእጇ አስያዘቻት። «ለእናትሽ ውሰጂላቸው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ንጹህ ነገር ነው» አለቻት። ከዚያ ለራሷ አንድ ኪሎ አስመዘነች።

ንጹሁ ወደ በሩ ሸኛት። ሰው በማይሰማበት ሲደርሱ ፊቱ ተለወጠ። «ነገ እንዳትመጪ» አላት። እሷም ጥቅሉን እግሩ ሥር ወርውራ፣ «ከዛሬ ወዲያ በራስህ ምላስ ለጥፈው!» አለችው። ምነው ይህችን ቃል የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ብትናገር ኖሮ።

ቤት ስትደርስ እናትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ጠርሙሱ እንደነበረ ነው። ከንፈራቸው ገርጥቷል፣ እጃቸው የወንበሩን ክንድ አጥብቆ ይዟል።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«አመኑሽ?»

«አላመኑኝም። እናቷ ታማባት ነው የምትቀባጥረው አሉ። ከሥራም ወጥቻለሁ።» ፖሞቹን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። «ይሄን ደግሞ ላኩልሽ።»

እናትየው አንዱን አንስተው አገላበጡት፣ ትል የገባበትን ቀዳዳ አዩ፣ ወረቀቷን አነበቡ፤ በዚህ ጊዜ ጮክ ብለው አልነበረም። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው። እንባቸው እስኪወርድ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ለጣፊዋ ግፊቱ ተነሳ ብላ ደንግጣ እጃቸውን ያዘች።

«ወይ ሰው!» አሉ ሲበቃቸው። «ስትዋሺያቸው ከፍለው ገዙ፣ እውነቱን ስትነግሪያቸው አበደች አሉሽ። ውሃ አምጪልኝ።»

ውሃ አመጣች። እናትየው ጠርሙሱን ከፍተው አንዲት ነጭ ክኒን መዳፋቸው ላይ ጣሉ። ወረቀቱን አላነበቡም። የልጃቸውን ዓይን ነው ትክ ብለው ያዩት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማዬ።»

ክኒኑን አፋቸው ከተቱ፣ ውሃውን አስከተሉ፣ መራራ እንደ ዋጠ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ለጣፊዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጥላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እናትየው ትንሽ ጊዜ ተዉአት፣ ከዚያ ያንን አሻራ የሌለውን አውራ ጣቷን ይዘው አሻሹት።

«በይ ተነሺ፣ አታካብጂ» አሉ። «የዛሬን አምኜሻለሁ። ማታ ግማሿን ስትሰጪኝ ደግሜ እጠይቅሻለሁ።»